ሊኑክስ ተጭኖ ድምፅ ሲጠፋ የት የት ይፈለጋል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች የሆኑ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። ሐዋሳ ውስጥ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባሉ ከሚሸጡት ኤሊትቡኮች፣ ላቲቲውዶችና ቲንክፓዶች ብዙዎቹ ከዚህ መስመር በታች የቀሩ ናቸው። ገና ብዙ የሚያገለግል ላፕቶፕ መጣል የማይሆንለት ሰው እንግዲህ ፊቱን ወደ ኡቡንቱ ወይም ወደ ሊኑክስ ሚንት ያዞራል። ነጻ ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይም ብዙ አይከብድም።

ይጫናል። ዋይፋዩ ይይዛል፣ ስክሪኑ ያምራል፣ ፋየርፎክስ ይከፈታል። ሐይቅ ዳር ካለች ካፌ ቁጭ ብለው ዩቲዩብ ሲከፍቱ ግን ምስሉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም።

የመጀመሪያው ምክሬ አጭር ነው፦ እንደገና ፎርማት አያስደርጉ። ያው ፍላሽ ያንኑ ሲስተም መልሶ ስለሚያስቀምጥ ውጤቱም ያው ነው፤ ሁለተኛ ይከፍላሉ፣ ፋይልዎም ይጠፋል። የድራይቨር ሲዲ ፍለጋም አይሂዱ። ሊኑክስ ላይ የድምፅ ድራይቨር የሚመጣው ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት ጋር ነው። «የሪልቴክ ድራይቨር አውርደህ ጫን» የሚለው ምክር የዊንዶውስ ልማድ ነው፤ እዚህ አይሠራም።

ቤትዎ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የጎረቤትን ያያሉ፣ ከዚያ ቆጣሪውን፣ በመጨረሻ አምፖሉን። ጠፍቶ የቀረ ድምፅም የሚፈለገው እንዲሁ የቱ ጋ እንደተቋረጠ በመለየት ነው። ከታች አልሳ የሚባለው የከርነሉ ክፍል አለ፤ ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ከላዩ የየፕሮግራሙን ድምፅ ተቀብሎ ወደ አልሳ የሚያስተላልፍ አገልግሎት አለ፤ ይህ እስከ ኡቡንቱ 22.04 ድረስ ፐልስኦዲዮ ነበር፣ ከ22.10 ጀምሮ ደግሞ ፓይፕዋየር ሆኗል። ሚንትም ከ22ኛው እትሙ ጀምሮ ወደ ፓይፕዋየር ተሻግሯል። ከሁሉም በላይ ፋየርፎክስና ቪኤልሲን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች አሉ። የትኛው እትም እንዳለዎት ካላወቁ ሴቲንግስ ውስጥ «አባውት» የሚለው ገጽ ላይ ያገኙታል። የኡቡንቱ ቁጥር የፈረንጆቹ ዓመትና ወር ነው፤ 24.04 ማለት በ2024 ሚያዝያ አካባቢ የወጣ ማለት ነው፣ በእኛ 2016።

ከዚህ በታች ጥቂት ትእዛዞች ይመጣሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፉ ስለሆኑ፣ ለጓደኛ በስልክ እንደምናስጽፈው በፊደሎቻቸው ስም አስቀምጫቸዋለሁ። ካልኩት በቀር ሁሉንም በትንሹ ፊደል ይጻፉ።

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት

የኪቦርዱን የላይኛውን ረድፍ ይዩ። ስፒከር ላይ ሰረዝ የተሰመረበት ቁልፍ አለ፤ አንዳንዱ ላይ ትንሽ መብራት አለችው። ዊንዶውስ ላይ ሳሉ ድምፁን ዘግተውት ከነበረ ሊኑክስም እንደተዘጋ ሊቀበለው ይችላል። አንዴ ይጫኑትና ድምፁን ከፍ ያድርጉ። የተሰካ ማዳመጫ ካለ ይንቀሉ። ብሉቱዙንም ያጥፉት፤ ላፕቶፑ በዝምታ ሌላ ክፍል ካለ ብሉቱዝ ስፒከር ጋር ተገናኝቶ እዚያ እየዘፈነ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በሁለት ፕሮግራም ይሞክሩ፦ አንድ ቪዲዮ ከዩቲዩብ፣ አንድ ፋይል ከፍላሽ። ዩቲዩቡ ተሰምቶ ከፍላሽ የከፈቱት የሠርግ ቪዲዮ ብቻ ዝም ካለ ድምፅዎ አልጠፋም። የጎደለው ኮዴክ፣ ማለትም ፋይሉ የታሸገበትን መንገድ የሚፈታው ክፍል ነው። ቪኤልሲን ከሶፍትዌር ማዕከሉ ይጫኑና በሱ ይክፈቱት፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። በተቃራኒው ፋይሉ ተሰምቶ ዩቲዩብ ዝም ካለ ደግሞ ፋየርፎክስ ላይ የተከፈተው ታብ ራሱ ተዘግቶ እንደሆነ ይዩ፤ ታቡ ላይ ያለችውን የስፒከር ምልክት መንካት ይበቃል።

ሙከራውን ፍቅር ሐይቅ መዝናኛ ላይ አያድርጉት። በዚያ ሁካታ ውስጥ ደህናውም ስፒከር የሞተ ይመስላል።

ሴቲንግስ ውስጥ የሚታየው ስም

ሁለቱም ዝም ካሉ ሴቲንግስ ይክፈቱና «ሳውንድ» የሚለውን ይምረጡ። «አውትፑት» ከሚለው አጠገብ የተጻፈውን ስም በጥንቃቄ ያንብቡ። ከዚህ በኋላ የሚሄዱበትን መንገድ የሚወስነው ይህ ስም ነው። አጠገቡ «ቴስት» የምትል ቁልፍ አለች፤ ግራና ቀኝ ስፒከሩን ለየብቻ ታናግርልዎታለች።

«ኤችዲኤምአይ» ወይም «ዲስፕሌይፖርት» የሚል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሲስተሙ ድምፁን ወደ ቴሌቪዥን እየላከ ነው፣ ቴሌቪዥን ባይኖርም። ኳስ ለማየት ላፕቶፑን ከትልቅ ስክሪን ጋር አገናኝተው ከነበረ ምርጫው እዚያው ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ዝርዝሩን ከፍተው «ስፒከርስ» የሚለውን ይምረጡ። ዝርዝሩ ውስጥ ስፒከርስ የሚባል ነገር ከሌለ ደግሞ ከሶፍትዌር ማዕከሉ «ፐልስኦዲዮ ቮልዩም ኮንትሮል» የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይጫኑ። ስሙ ፐልስኦዲዮ ይበል እንጂ ፓይፕዋየር ባለበትም ይሠራል። መጨረሻ ላይ «ኮንፊገሬሽን» የምትል ገጽ አለችው፤ እዚያ «ቢልት-ኢን ኦዲዮ» ከሚለው ሥር «ኦፍ» ወይም ኤችዲኤምአይ ተመርጦ ካገኙት ወደ «አናሎግ ስቴሪዮ ዱፕሌክስ» ይቀይሩት። ዱፕሌክስ ማለት ማይክራፎኑም አብሮ ይሠራል ማለት ነው።

ስሙ ትክክል ሆኖ፣ «ስፒከርስ» ብሎ፣ ቴስት ሲሉት የድምፁ መጠን መስመር ሁሉ እየተንቀሳቀሰ ምንም ካልተሰማ ወደ አልሳሚክሰር እንሄዳለን። «ደሚ አውትፑት» የሚል ከሆነ ግን ሲስተሙ ከነጭራሹ የድምፅ ካርድ አላገኘም፤ ለይስሙላ አንድ ስም ማስቀመጡ ነው። እንዲያ ከሆነ ቀጣዩን ክፍል ይዝለሉት።

አልሳሚክሰር

ብዙ ሰው የሚሸሸው ጥቁሩ መስኮት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያስተማምን ሆኖ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም የካርዱን እያንዳንዱን በር እንዳለ ያሳያል። ኮንትሮል፣ አልትና ቲን አንድ ላይ ተጭነው ተርሚናሉን ይክፈቱ። ኤ፣ ኤል፣ ኤስ፣ ኤ ብለው ሳይለያዩ «ሚክሰር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይቀጥሉበትና ኢንተር ይበሉ። ሚክሰር በኤክስ ነው የሚጻፈው።

መጀመሪያ የሚያዩት አንድ ብቸኛ ቋሚ መስመር ሊሆን ይችላል። ያ ፓይፕዋየር የሚያሳየው ጥላ እንጂ ካርዱ ራሱ ስላልሆነ እሱ ላይ ጊዜ አያጥፉ። ኤፍ6ን ይጫኑ፤ ኤፍ6 የስክሪን ብርሃን የሚቀይር ከሆነብዎት ኤስ የሚለው ፊደልም ያንኑ ይሠራል። ከሚመጣው ዝርዝር እውነተኛውን ካርድ ይምረጡ፤ ኢንቴል ማሽን ላይ ብዙውን ጊዜ «ኤችዲኤ ኢንቴል ፒሲኤች» ይባላል። አሁን ብዙ መስመሮች ይደረደራሉ፦ ማስተር፣ ሄድፎን፣ ስፒከር፣ ፒሲኤም።

ከየመስመሩ እግር ሥር ትንሽ ሳጥን አለች። በውስጧ ሁለት «ኦ» ከተጻፈ ተከፍቷል፣ ሁለት «ኤም» ከተጻፈ ተዘግቷል። በግራና ቀኝ ቀስት እየተመላለሱ የተዘጋውን ሁሉ ኤም የሚለውን ፊደል በመጫን ይክፈቱ፤ በላይ ቀስት ደግሞ ከፍ ያድርጉ። ማስተር ተከፍቶ ስፒከር ተዘግቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ የሚታየው ማስተሩ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ሁሉም ነገር ደህና መስሎ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ቀስቱን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ይግፉት። አንዳንድ ማሽን ላይ «ኦቶ-ሚውት ሞድ» የሚል ነገር ያገኛሉ። ሥራው ማዳመጫ ሲሰካ ስፒከሩን መዝጋት ነው። ማዳመጫ ሳይሰካ የተሰካ የመሰለው ማሽን ላይ ግን ስፒከሩን ለዘላለም ዘግቶ ይይዘዋል። በላይ ወይም በታች ቀስት ወደ «ዲሴብልድ» ይቀይሩት። ድምፁ ወዲያው ከመጣ ጥፋቱ የማዳመጫው ቀዳዳ ላይ ነው ማለት ነው። ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ወይም የኪስ ብናኝ ሊኖር ይችላል። አሞራ ገደል ዓሣ በልተው ሳይታጠቡ ማዳመጫ የሚሰኩ ሰዎችም አሉ፤ ስም አልጠራም። ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ያጽዱት። በውኃም ሆነ በምራቅ እንዳያርሱት። ማዳመጫውንም ደጋግሞ ሰክቶ መንቀል አንዳንዴ ይረዳል።

ሲጨርሱ በኢስኬፕ ይውጡ። አሁን የሚመጣውን ነገር እኛ አገር ያለ ሰው ልብ ሊለው ይገባል። ሊኑክስ የእነዚህን መስመሮች አቀማመጥ ጽፎ የሚያስቀምጠው በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ባትሪው የሞተ፣ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ ድንገት ድርግም ስለሚል ያስተካከሉት ሳይጻፍ ይቀራል፤ መብራት ሲመጣም ድምፁ ተመልሶ ጠፍቶ ያገኙታል። ስለዚህ እዚያው ተርሚናል ላይ «ሱዶ» (ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ) ይበሉ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ኤ፣ ኤል፣ ኤስ፣ ኤ፣ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ሳይለያዩ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ «ስቶር» የሚለው ቃል። የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል። ሲጽፉት ኮከብም ነጥብም ላይታይ ይችላል፤ ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም፣ ጽፈው ኢንተር ይበሉ።

«ደሚ አውትፑት» ሲል

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በፈረንጆቹ ከ2019 በፊት የተሠሩት አሮጌዎቹ ላፕቶፖች በአብዛኛው ያለ ምንም ችግር ይናገራሉ፤ የሚያስቸግሩት አዳዲሶቹ ናቸው። ኢንቴል ከዚያ ወዲህ በብዙ ማሽን ላይ ድምፁንና ማይክራፎኑን ለራሱ ትንሽ ማቀነባበሪያ ስላስረከበ፣ ያ ማቀነባበሪያ ሲነሣ የሚጫንለት ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋል። ፋይሉ ፈርምዌር ይባላል፤ ከሌለ ካርዱ አለ ግን አይነቃም። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ የገዛው ሰው ከአሮጌው ባለቤት በላይ የሚጉላላው ለዚህ ነው።

ወደ ፈርምዌሩ ከመሄድዎ በፊት ግን ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ከተጫኑ ዊንዶውሱ ሲዘጋ በእውነት አይዘጋም፤ «ፋስት ስታርታፕ» በሚባለው ባሕርዩ ግማሽ ተኝቶ ያድራል፣ የድምፅ ካርዱም በዚያው ሁኔታ ይቆያል። ዊንዶውስ ውስጥ ገብተው ከኮንትሮል ፓነል የኃይል አማራጮች ላይ ፋስት ስታርታፕን ያጥፉ። ከዚያ ማሽኑን ይዝጉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ መልሰው ያብሩ። እንዲሁ በቀላሉ የተፈታ ብዙ አለ። ባዮስ፣ ማለትም ሲስተሙ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥም አንዴ ገብተው «ኦዲዮ» የሚለው ተዘግቶ እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ ከመሥሪያ ቤት ወጥተው የተሸጡ ማሽኖች ላይ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል።

አሁንም ደሚ ካለ ኮንትሮል፣ አልትና ቲን አንድ ላይ ተጭነው ተርሚናሉን ይክፈቱና ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ ብለው ሳይለያዩ ይጻፉ። በማሽኑ ውስጥ የተገጠሙት ክፍሎች ዝርዝር ይወጣል። «ኦዲዮ» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ይፈልጉ። ጨርሶ ከሌለ ባዮሱ ነው ወይም ሃርድዌሩ፤ ጥገና ቤት የሚያስኬደው ይህ ነው። «መልቲሚዲያ ኦዲዮ ኮንትሮለር» የሚል የኢንቴል መስመር ካለ ግን ብዙ ጊዜ ፈርምዌር የሚፈልገው ዓይነት ነው።

ኢንተርኔት ያስፈልግዎታል። ዋይፋይ ከሌለ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ያብሩ፤ ኡቡንቱ እንደ ኔትወርክ ገመድ ቆጥሮ ይቀበለዋል። ሙሉ ማሻሻያው ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊወስድ ስለሚችል የሌሊት ፓኬጅ መጠበቅ ያዋጣል። «ሶፍትዌር አፕዴተር» የሚለውን ከፍተው የመጣውን ሁሉ ያስጭኑ፣ ማሽኑን እንደገና ያስነሡ። አዲስ ከርነል ከመጣ ድምፁም አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ካልመጣ ፈርምዌሩን በስሙ ይጥሩት። «ሱዶ» (ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ)፣ «አፕት» (ኤ፣ ፒ፣ ቲ)፣ «ኢንስቶል» ብለው በየመካከላቸው ክፍት ቦታ ይተዉ። ቀጥሎ «ፈርምዌር»፣ ሰረዝ፣ ኤስ፣ ኦ፣ ኤፍ፣ ሰረዝ ይጻፉና ታብን ይጫኑ፤ የቀረውን እሱ ይሞላልዎታል። ኡቡንቱ ላይ አስቀድሞ ሊኖር ይችላል። በተለይ የሚጎድለው ዴቢያን ላይ ነው፤ ዴቢያን እንዲህ ዓይነት ፋይሎችን በመደበኛ መጫኛው ውስጥ ማካተት የጀመረው በፈረንጆቹ 2023 ከወጣው 12ኛ እትሙ ወዲህ ነው። ከሱ በፊት የነበረውን ፍላሽ ይዞ የሚጭን ካለ አዲሱን ያውርድ።

አንድ የመጨረሻ ሙከራ አለ፤ ምንም ነገር ሳይቀይሩ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሞከር። ማሽኑ ሲነሣ በሚመጣው የግረብ ዝርዝር ላይ ኢ የሚለውን ፊደል ይጫኑ፤ ዝርዝሩ ካልመጣ በመነሻው ላይ ኢስኬፕን ወይም ሺፍትን ይንኩ። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልገው መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ይተዉና ይህን ይጻፉ፦ ኤስ፣ ኤን፣ ዲ፣ የታች ሰረዝ፣ «ኢንቴል»፣ የታች ሰረዝ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ነጥብ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ፒ፣ የታች ሰረዝ፣ «ድራይቨር»፣ የእኩል ምልክት፣ 1። ከዚያ ኤፍ10። ይህ ሲስተሙ አዲሱን መንገድ ትቶ በድሮው የኢንቴል ድራይቨር እንዲሄድ ያዘዋል። ስፒከሩ ሊናገር፣ የላፕቶፑ ውስጣዊ ማይክራፎን ግን ሊጠፋ ይችላል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ልውውጥ ያዋጣዋል፤ በኦንላይን ለሚማር ወይም ስብሰባ ለሚገባ አያዋጣም።

ፍለጋ ላይ እያሉ «ፐልስኦዲዮን አጥፍተህ እንደገና ጫን» የሚል የቆየ ምክር ያጋጥምዎታል። አይከተሉት። ከሱ ጋር የተሳሰሩ ክፍሎችን ይዞ ሊወጣ ስለሚችል፣ ድምፅ ሲፈልጉ ዴስክቶፑን ራሱን ሊያጡ ይችላሉ።

ሁሉም ካልሠራ

ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ የሚባል እንደ ፍላሽ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ጫፉ ላይ የማዳመጫና የማይክራፎን ቀዳዳ አለው። አሠራሩ ወጥ መስፈርት ስላለው ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቀዋል። አንዳንዱ ሰው እንደ ሽንፈት ያየዋል፤ ለኔ ግን ሁለት ቀን ከርነል ሲፈትሹ ከመዋል ይሻላል። የብሉቱዝ ማዳመጫም መውጫ ነው፣ አንድ ጣጣ አለው እንጂ። ማይክራፎኑን መጠቀም ሲጀምሩ ብሉቱዙ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ድምፅ ስለሚወርድ ሙዚቃው ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ይሰማል። ሴቲንግስ ውስጥ ማይክራፎኑን ወደ ላፕቶፑ ሲቀይሩት ጥራቱ ይመለሳል።

ሰው ዘንድ መውሰድ ካለብዎት «ድምፅ እምቢ አለኝ» ብለው አይሂዱ። የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል፣ የኡቡንቱን ወይም የሚንቱን እትም ቁጥር፣ ሳውንድ ገጽ ላይ ያነበቡትን ስምና ተርሚናሉ ላይ በወጣው የክፍሎች ዝርዝር ኦዲዮ የሚለውን መስመር በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይውሰዱ። ይህን ይዞ የቀረበን ሰው «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» ብሎ መሸኘት ለባለሙያውም ያስቸግራል።

ገና ሊገዙ ከሆነ ደግሞ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱን ያስጭኑና ወደ ሱቁ ይዘውት ይሂዱ። ሳይጫን ከፍላሹ በቀጥታ የሚነሣበት ምርጫ አለው፤ የዕቃውን ሐርድ ዲስክ አይነካም። ተነሥቶ ሲያበቃ ሳውንድ ገጽ ላይ ገብተው ቴስትን ይጫኑ፣ ግራና ቀኙን ያዳምጡ፣ ማዳመጫ ሰክተው ይንቀሉ፣ ማይክራፎኑ ላይ ሲናገሩ መስመሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይዩ። በተለይ ክሮምቡክ ከሆነ፣ ወይም በፈረንጆቹ ከ2018 እስከ 2020 የተሠራ ቲ2 ቺፕ ያለበት ማክቡክ ከሆነ ይህን ሳያደርጉ ገንዘብ አይቁጠሩ፤ ሁለቱም ሊኑክስ ላይ በድምፅ በኩል ልዩ ሥራ የሚጠይቁ ናቸው፣ ሻጩ ደግሞ በዊንዶውስ ወይም በራሳቸው ሲስተም ሲዘፍኑ ነው የሚያሳይዎት።